ቀጠሮው ለምንድን ነው? ፍርድ ቤት ከመቅረብ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

«ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለኝ» የሚል ሰው «ለምን ተቀጠረ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «እንጃ፣ ብቻ ለ15 ነው» ይሆናል። ቀኑን በቃሉ ይዞታል። ሰዓቱንም ያውቃል። ቀኑ የተያዘው ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቀም። ወይ ደግሞ ተነግሮታል፣ በድንጋጤ አልሰማውም።

ይኸው ብዥታ በማህበራዊ ሚዲያም በየጊዜው ይታያል። ጠዋት «ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ አላቸው» ተብሎ የተሰራጨ ወሬ ከሰዓት «ለካ ይከላከሉ ነው የተባለው» ተብሎ ይታረማል። ወሬውን ያጋራው ሰው ሁለቱ አንድ መስለውት ነበር። ፍርድ ቤት ውስጥ ግን አንድ አይደሉም። «ይከላከሉ» የክርክሩ አጋማሽ ነው፣ «ጥፋተኛ» ወደ መጨረሻው የሚመጣ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ችሎት ፊት የሚቀርብ ሰው ምን ይዞ መሄድ እንዳለበት፣ ማንን ማስከተል እንዳለበት፣ ቢቀር ምን እንደሚያጣ የሚወስነው ቀጠሮው የተያዘበት ምክንያት ነው። እዚህ የሚነሳው በዋናነት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አሠራር ነው። የክልል ወረዳ ፍርድ ቤቶች የራሳቸው አደረጃጀትና የሥራ ቋንቋ አላቸው። የክርክሩ መሠረታዊ አካሄድ ግን ይመሳሰላል።

ከ«በልሃ ልበልሃ» ወደ ወረቀት

በድሮው ሙግት ተሟጋቾች ፊት ለፊት ቆመው በአንደበት ይፋለሙ ነበር። «በልሃ ልበልሃ» ይባባላሉ። «ተጠየቅ» ብሎ የሚነሣ፣ ነገሩን በምሳሌ የሚያዋዛ ሰው ይፈራል፣ ይደነቃልም። ያ ዘመን ቢያልፍም ትዝታው አልወጣልንም። ዛሬም ብዙ ሰው ለፍርድ ቤት ሲዘጋጅ የሚያዘጋጀው ንግግር ነው። ሌሊቱን ሙሉ «እንዲህ ስለው እንዲህ ይለኛል» እያለ ያድራል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ክርክሩን በአብዛኛው ወረቀት ላይ አድርጎታል። ፍትሐ ብሔር ማለት በሰዎች ወይም በድርጅቶች መካከል የሚነሣ የገንዘብ፣ የንብረት፣ የውል፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ከሳሽ ክሱን ጽፎ፣ ማስረጃውን አያይዞ፣ ምስክሮቹን ዘርዝሮ ያቀርባል። ተከሳሽም እንደዚያው መልሱን በጽሑፍ ይሰጣል። ዳኛው ችሎት ላይ ሲሰየም ሁለቱንም አንብቧል ተብሎ ይታሰባል።

እንበል የቤት ኪራይ ክርክር ነው። ተከራይ «ከፍያለሁ» ይላል። ተራው ሲደርስ ከኮቱ የውስጥ ኪስ የታጠፈ ደረሰኝ ያወጣል። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይኸው!» ዳኛው ወረቀቱን ለመቀበል እጁን አይዘረጋም። «ከመልስዎ ጋር አያይዘውታል?» ብሎ ይጠይቃል። ዝምታ። ማስረጃ ከክሱ ወይም ከመልሱ ጋር መቅረብ አለበት። ዘግይቶ የመጣ ማስረጃ የሚገባው በፍርድ ቤቱ ፈቃድ፣ ለምን እንደዘገየ በቂ ምክንያት ሲቀርብ ነው። ደረሰኙ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ግን በኪስ ነው የመጣው።

ቀጠሮ ሁሉ አንድ አይደለም

ዳኛ መዝገብ ሲቀጥር ምክንያቱን አብሮ ይናገራል። «ለመልስ»፣ «ለክስ መስማት»፣ «ለምስክር»፣ «ለብይን»፣ «ለፍርድ» ይላል። እያንዳንዱ ቃል ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል።

«ለመልስ» የተባለ ቀን ተከሳሹ የጽሑፍ መልሱን የሚያቀርብበት ነው። ባዶ እጅ ሄዶ «በቃል ልናገር» ማለት አይሠራም። ቀኑ ካለፈ መዝገቡ ላይ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ትሰፍራለች፦ «መልስ የማቅረብ መብቱ ታልፏል።» ይህች ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ክሱን አታሸንፍም። ከሳሽ አሁንም ማስረዳት አለበት። ተከሳሹ ግን አንድ እጁ ታስሮ ይከራከራል። የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የሚባለውም የሚነሳው በዚሁ ጊዜ ነው። ይህ ወደ ዋናው ጉዳይ ሳይገባ «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም»፣ «ጉዳዩ በይርጋ ታግዷል»፣ «ከዚህ በፊት ፍርድ አግኝቷል» ብሎ መከራከር ነው። ይርጋ ማለት መብትን በክስ ለመጠየቅ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ማለፉ ነው። መቃወሚያ በጊዜው ካልተነሣ አብዛኛውን ጊዜ እንደተተወ ይቆጠራል።

«ለክስ መስማት» ሲባል ዳኛው ሁለቱንም ወገን ይጠይቃል። የቱ ታምኗል? የቱ ተክዷል? ከዚያ ጭብጥ ይይዛል። ጭብጥ ማለት ክርክሩ የተንጠለጠለበት ጥያቄ ነው። «ገንዘቡ ብድር ነው ወይስ ስጦታ?» የሚለው አንድ ጭብጥ ነው። ይህ ቀን ከሚገመተው በላይ ከባድ ነው፤ እዚህ የታመነ ነገር ማስረጃ አያስፈልገውምና። «አዎ፣ ገንዘቡን ወስጃለሁ፣ ግን…» ያለ ሰው ከ«ግን» በፊት ያለውን አምኗል። ስለዚህ የተጠየቁትን ብቻ፣ በአጭሩ መመለስ ይሻላል። የሠፈሩን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ማውራት አያዋጣም።

ከክርክሩ ቀደም ብሎ ጉዳዩ ወደ አስማሚ ሊመራ ይችላል። ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ይሉታል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ቦታ ሰጥቶታል። አስማሚው ዳኛ አይደለም፣ አይፈርድም። ወገኖቹ ከተስማሙና ስምምነቱን ፍርድ ቤቱ ካጸደቀው እንደ ፍርድ ይፈጸማል። አንዳንዱ ሰው ለመስማማት መቀመጥን እንደ ሽንፈት ያየዋል። ካልተስማሙ ግን መዝገቡ ወደ ችሎቱ ይመለሳል፣ ክርክሩም ይቀጥላል።

«ለምስክር» ከሆነ ምስክሮቹ በዚያ ቀን መገኘት አለባቸው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይህን የሚከታተለው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። «አልመጣም» የሚል ምስክር ካለ ቀደም ብሎ መጥሪያ ማስወጣት ይቻላል። ምስክሮች ተራቸው እስኪደርስ ውጭ ይቆያሉ፤ አንዱ የሌላውን ቃል እንዳይሰማ ነው። ምስክሩን ያቀረበው ወገን ዋና ጥያቄ ይጠይቃል። ሌላው ወገን መስቀለኛ ጥያቄ ያስከትላል። ድጋሚ ጥያቄ ሊኖር ይችላል፣ ዳኛውም ማጣሪያ ይጠይቃል። በዋና ጥያቄ ላይ መሪ ጥያቄ አይፈቀድም። መሪ ጥያቄ መልሱን በውስጡ የያዘ ነው፦ «ገንዘቡን ሲቀበል አይተሃል አይደል?» «ምን አየህ?» ቢባል ግን ያስኬዳል። ምስክርን ቃል በቃል ማስጠናት ከሐሰት ምስክርነት ወንጀል ጋር ከሚያመጣው ጣጣ ባሻገር፣ በመስቀለኛ ጥያቄ ቶሎ ይጋለጣል።

ብዙ ቀን የሚበላ ሌላ ዓይነት ቀጠሮ አለ። ፍርድ ቤቱ ከባንክ ወይም ከሌላ መሥሪያ ቤት ማስረጃ እንዲመጣ ያዝዝና ውጤቱን ለመጠባበቅ ይቀጥራል። ባለጉዳዩ «ፍርድ ቤቱ ልኳል» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ደብዳቤው ግን ጽሕፈት ቤት የሚወስደው አጥቶ ተኝቷል። ቀኑ ሲደርስ «ምላሹ ስላልመጣ» ተብሎ ሌላ ቀን ይሰጣል። የምስክር ቃል በመቅረጸ ድምፅ ከተያዘ ደግሞ «ተገልብጦ እስኪቀርብ» ሌላ ቀጠሮ ይኖራል። እዚህ ላይ ሬጅስትራር ዘንድ፣ ማለትም መዝገቡን ከሚያስተዳድረው ክፍል፣ ጠጋ ብሎ መጠየቅ አንድ ወር ሊያተርፍ ይችላል።

«ለብይን» ወይም «ለፍርድ» ሲባል መከራከሪያው ጊዜ አልፏል። ብይን በክርክሩ መሐል በተነሣ አንድ ነጥብ ላይ የሚሰጥ ውሳኔ ነው። ፍርድ ዋናውን ጉዳይ ይቋጫል። በዚህ ቀን መስማት ነው። «አልተሠራም» ተብሎ ሌላ ቀን ሊሰጥም ይችላል።

«አልቀበልም» ማለት አያድንም

መጥሪያ የሚያመጣውን ሰው ሲያዩ በኋላ በር መውጣት የቆየ ዘዴ ነው። «ካልፈረምኩ አላወቅሁም» የሚለው እምነት ግን በሕጉ ዘንድ ቦታ የለውም። ተከሳሽ ቤት ከጠፋ መጥሪያው ለአካለ መጠን ለደረሰ የቤተሰብ አባል ሊሰጥ ይችላል። አልቀበልም ካለ መጥሪያው በሩ ላይ ተለጥፎ፣ መጥሪያ አድራሹ ይህንኑ ለፍርድ ቤቱ ያስረዳል። አድራሻው የጠፋ ሰው በጋዜጣ ሊጠራ ይችላል። ከዚያ በኋላ «ደርሶታል» ይባላል፣ ጉዳዩም ይቀጥላል። እምቢ ያለ ሰው የሚያጣው አንድ ነገር ነው፦ ከመጥሪያው ጋር የሚመጣውን የክሱን ግልባጭ። ያ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ወረቀት ነው።

ለምስክርነት የተጠራ ሰውም መደንገጥ የለበትም። የምስክር መጥሪያ ክስ አይደለም። ሳይቀርቡ መቅረት ግን በፖሊስ ተይዞ መቅረብን ሊያስከትል ይችላል።

የቀረ ሰው

እዚህ ላይ ሕጉ ጠንከር ይላል። ክሱ በሚሰማበት ቀን ተከሳሽ ከቀረ፣ መጥሪያውም በአግባቡ መድረሱ ከተረጋገጠ፣ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ከመጣና ክሱን ካላመነ ክሱ ይዘጋል። ይህ አዘጋግ ጣጣ አለው፤ ከሳሹ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ መክፈት አይችልም። ሁለቱም ከቀሩ ግን መዝገቡ ይሰረዛል፣ ከሳሽ እንደገና መክሰስ ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ከሳሹ ጓደኞቹ ጋ ሄዶ «ተዘጋ» ብሎ ያወራል፤ «ተዘጋ» እና «ተዘጋ» ግን እንዲህ ይለያያሉ።

መውጫ በር አለ። ክሱ የተዘጋበት ከሳሽ በአንድ ወር ውስጥ፣ በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ደግሞ ፍርዱን ካወቀ በአንድ ወር ውስጥ፣ የቀረበትን በቂ ምክንያት አስረድቶ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል። የሆስፒታል ወረቀት ክብደት አለው። «ታክሲ አጥቼ ነው» ብቻውን ዳኛን ማሳመን ይከብደዋል።

ይህ ደንብ ፍትሐዊ ነው ወይ? የሚተቹት ሰዎች ነጥብ አላቸው። የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ሲቀር የዚያን ቀን እንጀራ ያጣል። ከገጠር የሚመጣ ሰው አውቶቡስ ቢበላሽበት ጥፋቱ የሱ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ራሱ ቀጠሮ ሲያሸጋግር የሚቀጣው የለም፣ ባለጉዳይ ሲያረፍድ ግን መብቱን ያጣል ይላሉ። የሚደግፉት ደግሞ ሌላኛውን ወንበር ያሳያሉ። ከሳሽ በየቀጠሮው ሥራ ፈትቶ፣ ምስክር ለምኖ ይመጣል። ተከሳሽ እየቀረ ጉዳዩን ማጓተት ቢፈቀድለት ፍርድ ቤት መሄድ ትርጉም ያጣል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። የአንድ ወሩ ጊዜ ሁለቱን ለማስታረቅ የተቀመጠ ይመስላል። ችግሩ ከሕጉ ይልቅ ባለጉዳዩ ይህን ጊዜ አለማወቁ ላይ ነው። በስድስተኛው ወር አቤት ይላል፣ ያኔ በሩ ተዘግቷል።

የወንጀል ችሎት ሌላ ነው

በወንጀል ጉዳይ «ቀጠሮ» የሚለው ቃል ሌላ ግራ መጋባት ያመጣል። «ጊዜ ቀጠሮ» የሚባለው የክስ ክርክር አይደለም። ፖሊስ ምርመራውን ስላልጨረሰ ተጠርጣሪውን ለማቆየት ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅበት ችሎት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ መቅረብ አለበት። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በመደበኛው ጉዳይ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። በዚህ ደረጃ ጥፋተኛ የሚባል ሰው የለም። ክስ እንኳ ገና አልተመሠረተም። ቤተሰብ ይህን ቀን ሲጠብቅ ማሰብ ያለበት ስለ ዋስ ነው። ተጠርጣሪውም የመናገር ግዴታ የለበትም።

ክስ ከተመሠረተ በኋላ ክሱ ይነበባል፣ ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ይሰጣል። «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ» ወይም «አልፈጸምኩም» ይላል። ዐቃቤ ሕግ ምስክር ያሰማል። ከዚያ ብይን ይመጣል። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ በቂ ካልሆነ ተከሳሹ በነፃ ይሰናበታል። ምላሽ የሚፈልግ ከሆነ «ይከላከል» ይባላል። ይሄ ነው ጠዋት «ጥፋተኛ» ተብሎ የሚሰራጨው። ይከላከል የተባለ ሰው አሁንም እንደ ንፁህ ይቆጠራል። መከላከያ ምስክሩን አሰምቶ በነፃ ሊወጣ ይችላል። ጥፋተኛ ነው ከተባለም ቅጣቱ ወዲያው አይከተልም። መጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች በቅጣት ማክበጃና ማቅለያ ላይ ሐሳብ ይሰጣሉ።

በዋስ የወጣ ሰው ከቀጠሮው መቅረቱ ከፍትሐ ብሔሩ ይከፋል። የዋስትናው ገንዘብ ለመንግሥት ገቢ ሊሆን፣ የመያዣ ትእዛዝም ሊወጣ ይችላል። ዋስ የሆነው ዘመድ ነው ቀድሞ የሚያዝነው።

በዕለቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሁሉ በፊት የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በየምድቡ ነው የሚያስችለው፣ ልደታ አለ፣ አራዳ አለ፣ ሌሎችም አሉ። የከተማው አስተዳደር ፍርድ ቤቶች ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። የገንዘቡ መጠንም ይለያል። እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃው ይታያል፣ ከዚያ በላይ ወደ ከፍተኛው ይሄዳል። ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ይጻፍ፦ የመዝገብ ቁጥር፣ ምድብና ችሎት። «የእንትና ክስ» ብሎ መዝገብ የሚያወጣ ሠራተኛ የለም።

ከሰዓቱ ቀደም ብሎ መድረስ ያዋጣል፤ በር ላይ ፍተሻ አለ፣ ችሎቱን ማፈላለግም ጊዜ ይወስዳል። በአንድ ጠዋት ብዙ መዝገብ ስለሚቀጠር ተራው መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ስም ሲጠራ «አቤት» ብሎ መግባት ነው። ሻይ ሊጠጣ ወጣ ያለ ሰው ስሙ ተጠርቶ ሊያልፍ ይችላል። ስልክ ይዘጋል። ዳኛው ሲገባ ይነሣሉ። ሲናገሩ ቆሞ ነው፣ አጠራሩም «ክቡር ፍርድ ቤት» ነው። ከባላጋራ ጋር ቀጥታ መመላለስ አይፈቀድም፣ ንግግሩ ሁሉ ለዳኛው ነው። ችሎት መድፈር የሚባለው ወንጀል፣ ማለትም ዳኛውን መሳደብ ወይም ችሎቱን ማወክ፣ እዚያው ሊያስቀጣ ይችላል።

ችሎት በመርህ ደረጃ ለማንም ክፍት ነው። በዝግ የሚታየው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ነው። ክፍት ነው ማለት ግን ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ይቻላል ማለት አይደለም። ይህ አከራካሪ ነው። ሕዝቡ የማየት መብት አለው የሚሉ አሉ። ቀረጻ ምስክርን ያሸማቅቃል የሚሉም አሉ። ለጊዜው ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ አለመቅረጹ ይበጃል።

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። አማርኛ የማይገባው ሰው አስተርጓሚ ይመደብለታል። አንገቱን እየነቀነቀ ያልገባውን ነገር ከመቀበል ገና ሲጀመር መጠየቅ አለበት።

ጠበቃ ወይስ ራስ?

ሕጉ ማንም ሰው ራሱን ችሎ እንዲከራከር ይፈቅዳል። የቅርብ ቤተሰብም በውክልና ሊቀርብ ይችላል። ቀላል የገንዘብ ጥያቄ፣ ደረሰኝም ያለው ከሆነ፣ ሰው ራሱ ሊወጣው ይችላል። መቃወሚያ፣ ይርጋ፣ የውርስ ድርሻ ያለበት ከሆነ ግን ቢያንስ ክሱና መልሱ ሲጻፍ ባለሙያ ማማከር ይሻላል። ብዙ ሰው ጠበቃ የሚፈልገው ለመጨረሻው ክርክር ነው፤ ጉዳዩ የሚበላሸው ግን በመጀመሪያው ወረቀት ነው። በወንጀል የተከሰሰ አቅም የሌለው ሰው ተከላካይ ጠበቃ ሊመደብለት ይችላል። የዳኝነት ክፍያ የማይችል ከሳሽ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ያለ ክፍያ፣ መዝገብ እንዲከፈትለት ማመልከት ይችላል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። በር ላይ ቆሞ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ጉዳይ ገዳይ ግን ጠበቃም የቤተሰብ ወኪልም አይደለም። ገንዘቡን ይበላል፣ መዝገቡ ባለበት ይቀራል።

ከችሎት ሲወጡ

ዳኛው ቀጥሮ መዝገቡን ሲዘጋ ሰው ቶሎ መውጣት ይቀናዋል። ያልገባው ካለ እዚያው «ለምን ተቀጠረ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ካለፈም ጽሕፈት ቤቱ ከመዝገቡ አይቶ ይነግራል። ፍርድ ከተሰጠ ደግሞ ሌላ ቆጠራ ይጀምራል። በፍትሐ ብሔር ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። በወንጀል ይግባኝ ባይ መሆኑን በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ግልባጩ ከደረሰው በኋላ ባለው 30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን ማስገባት አለበት። ለሁለቱም የፍርዱ ግልባጭ ያስፈልጋል። ግልባጭ ደግሞ ካልተጠየቀ በራሱ ወደ ቤት አይመጣም፤ ስለዚህ ማመልከቻው በዚያው ቀን፣ ከግቢው ሳይወጡ ቢገባ ይመረጣል።